ሽማግሌ ወደ ጉጌ ተራራ

ይህን ስጽፍ በራሴ ላይ ነጩ ጠጉር ጥቁሩን አሸንፎ ግብር እያስከፈለው ነው። የሶዶ ሰው ካወራሁት ግማሹን ጥሎ ግማሹን መስማት የለመደው ገና በወጣትነቴ ነው፤ ሚስቴ ደግሞ ከተረፈውም ላይ ሲሶውን ትቀንሳለች። ይህችን አንዲት ወሬ ግን ሳትቀንሱ ስሙኝ። ስለ ብርዱ የምናገረውን ብቻ ትንሽ ብታጎድሉ አልቀየምም፤ እዚያ ላይ እኔም ራሴን አላምነውም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሶዶ ያኔ ከዳሞታ ተራራ እግር ሥር የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ከሣር ክዳኑ መሃል አንድ ቆርቆሮ ብልጭ ያለ እንደሆነ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። እኔ ኮርቻ ሠሪ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ሲሆን፣ ሲሞት ያወረሰኝ አንድ ጎጆ፣ ከጎጆው ጀርባ ያለ የእንሰት ጓሮና ይህን ምላሴን ነው። በእግሬ ወደ ላይ ቦዲቲ ገበያ፣ ወደ ታች ሁምቦ ቆላ ደርሻለሁ፤ በአፌ ግን ያልረገጥሁት አገር አልነበረም። ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ ሰው ቆዳው እስኪለሰልስ ይቀመጣል፤ ሁለት ሰው ተቀምጦ ዝም መባባል ደግሞ ደስ አይልም፤ ስለዚህ አወራለሁ። ተክሌ የሚለው ስሜ ተረስቶ ከተማው “ጨምሮ” ይለኝ ነበር።

አስካለን ያገኘኋትም በዚሁ መንገድ ነው። ከአክስቷ ከእትዬ በለጡ ጋር የበቅሎ መጫኛ ሊያሠሩ መጡ። እኔም ዳሞታ ጫፍ ላይ ብርድ መትቷት፣ ስታነጥስ ሁለት ጆሮዋ ወልቆ ገደል ስለገባ አንዲት በቅሎ ነገርኋቸው። እትዬ በለጡ አማተቡ። አስካለ ግን ሳቀች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጮኾ ሲስቅልኝ ኖሬ ምንም አልሆንሁም፤ ያቺ ድምፅ የሌላት ሳቅ ግን ቀኑን ሙሉ በወስፌ ጣቴን ስታስወጋኝ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ያ መጫኛ ስንት ጊዜ ተበጥሶ እንደተመለሰ አልነግራችሁም። አንድ ቀን ግን አስካለ ብቻዋን መጣችና ሳትቀመጥ፣ “የቦዲቲው ነጋዴ ወደ አባቴ ሽማግሌ ሊልክ በቅሎ እያስጫነ ነው። የምትልክ ከሆነ ፍጠን” ብላኝ ሄደች።

ነጋዴውን አውቀዋለሁ። ባለጠጋ ነው፤ ሰውም አይበድልም። ነገር ግን የሞቱት ሚስቱ የተዉለት የበኩር ልጅ እኔን ያህላል፤ ያውም በቁመት ይበልጠኛል። አስካለ ለእሱ ከተሰጠች እኔ በዚያች ከተማ ውስጥ ኮርቻ እየሰፋሁ የሷን በቅሎ ስታልፍ ማየት ነበር ዕጣዬ።

እትዬ በለጡን ሄጄ ብለምናቸው፣ አባት ሳለ አክስት ምን ቤት ናት አሉኝ። አባትየው ባሻ ደምሴ የሚባሉ አሮጌ ወታደር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በጋሞ ደጋ፣ ከጉጌ ተራራ ሥር፣ ገብስ እየዘሩ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ልጃቸውን በሕፃንነቷ ለእኅታቸው ላኩና እሳቸው ግን አንድም ቀን ወደ ሶዶ ወርደው አያውቁም። ልጅቷ ናት አልፎ አልፎ ከነጋዴ ጋር ወጥታ የምታያቸው። ስለዚህ ሽማግሌ የሚላከው ወደዚያ ነው። ሁምቦን ወርዶ፣ የአባያን ሐይቅ በግራ ትቶ፣ ከቆላው ወባ ወደ ደጋው ውርጭ መውጣት፤ ጨንቻ ደርሶም ገና መንገዱ ተጀመረ እንጂ አለቀ አይባልም።

ሦስት ሽማግሌ ለመንሁ። አንደኛው የነፍስ አባቴ መምሬ ወልዴ ናቸው፤ ሰይጣን አይፈሩም፣ በቅሎ ይፈራሉ። ሁለተኛው አቶ ክንፈ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈተ ጎረቤቴ ነው፤ የማይቆጥረው ነገር የለም፤ ሲተኛ እንኳ ትንፋሹን ይቆጥራል ይባላል፣ ያልሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው አቶ አንጁሎ የወላይታ ሰው ነው። የጋሞዎቹ ቋንቋ ከወላይትኛው ብዙ ስለማይርቅ ለመንገዱ አፍ እንዲሆነን ነበር ያሰብሁት። አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል፤ ነገር ሲያውቅ ግን ማንም አያህለውም።

መንገዱ ያስጨነቀን ይመስላችኋል። መንገዱ አልነበረም። አስጨናቂው ወጉ ነበር። እንደምታውቁት የልጅ አባት በመጀመሪያው ልመና እሺ አይልም። እሺ ካለ ልጁ ከበደችው፣ ሊገላገላት ነው ይባላል። መጀመሪያ ይመልሳል፤ ሁለተኛም ልምከርበት ብሎ ይመልሳል፤ በሦስተኛው ነው የሚሰጠው፣ ከሰጠ። በከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ነው፤ ሽማግሌው ቤቱ ገብቶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ጉጌ ላይ ግን ሦስት ጊዜ መውጣት፣ ሦስት ጊዜ መውረድ ማለት ነው። መምሬ ወልዴ ይህን ሲሰሙ በመጀመሪያው ልመና ነፍሳቸው፣ በሁለተኛው ሥጋቸው፣ በሦስተኛው በቅሏቸው እንደምትወጣ ነገሩኝ።

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አቶ ክንፈ መላ አመጣ፤ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ከባሻው ቤት በታች ባለው መንደር ይታደራል፣ በየማለዳው እየተነሡ እንደገና ይጠየቃል። ስለዚህ ስንቁ ለሦስት ልመና ይያዛል። ከዚያ በኋላ ቤቴ መጋዘን ሆነ። የመጀመሪያው ልመና በሶ በዚህ፣ የሁለተኛው ልመና ድርቆሽ በዚያ፣ የሦስተኛው ቋንጣ ከጣራው ላይ። አቶ ክንፈ፣ ባሻው በሁለተኛው እሺ ቢሉ የሚተርፈው ቋንጣ የማን እንደሚሆን ካልተወሰነ አልሄድም ብሎ እንደነበር ዛሬ ይክዳል። አቶ አንጁሎ በበኩሉ ቅቤ ተቀብቶ ወደ ጉጌ የሚወጣ የለም፣ ቅቤው አናት ላይ ረግቶ ቆብ ይሆናል ይል ነበር። ጨምሮ እየተባልሁ የምታማው እኔ ነኝ እንግዲህ።

የመነሻችን ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ሆኖ ሳለ ዝናቡ አልሄድም ብሎ፣ ከቀትር በኋላ ዳሞታ ከነአናቱ ጠፋ፤ የጓሮዬ የእንሰት ቅጠል እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት ተሰብስበው የመጨረሻውን ጭነት ሲያስተካክሉ፣ አንድ አዛውንት ከደጅ ቆመው “የእግዜር እንግዳ” አሉ። ጥቁር በርኖስ ለብሰዋል፤ በርኖሱ ከጠጣው ውሃ የተነሣ ከሰውየው ይበልጥ ይከብዳል። በቅሏቸው አንድ እግሯን አንሥታ ቆማለች፤ ድንጋይ መትቷታል።

አስገባኋቸው። በቅሏቸውን ከጣራ ሥር አሰርሁ፣ እሳት አስጠጋኋቸው፣ ውሃ አሙቄ እግራቸውን አጠብሁ። ሚስት በሌለበት ቤት እግር የሚያጥበው ባለቤቱ ነው። ቦዬ የምንለው የአገሩ ሥራ ሥር ተቀቅሎ ነበርና ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ ጋር አቀረብሁላቸው። ማን ነዎት፣ ከየት መጡ አላልናቸውም። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሳይበላና ሳያርፍ ስሙ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ሰው ጉርሻውን የሚቆጥር ይመስላል። አቶ ክንፈ እንኳ አልጠየቀም፤ እሱ ቦዬውን ነበር የሚቆጥረው።

እሳቸው ቀስ ብለው ይበላሉ፤ እኛ ወሬያችንን ቀጠልን። የወሬው አርእስት ደግሞ ባሻ ደምሴ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ጠባያቸው ምን እንደሰማሁ ጠየቁኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር፤ ይህ ግን ከመናገር አግዶኝ አያውቅም። ባሻው ሲቆጡ የጉጌ ደመና ወደ ኦሞ እንደሚሸሽ፣ ነብር በደጃቸው ሲያልፍ ጫማውን አውልቆ እንደሚያልፍ፣ ከዚህ ቀደም ሽማግሌ ሆነው የሄዱ ሰዎች ከውርጩ የተነሣ እንደተንበረከኩ ደርቀው እስከ ዛሬ አጥር ሆነው እንደሚያገለግሉ ነገርኋቸው።

እንግዳው ቦዬውን ዳጣ ውስጥ ነክረው፣ “አጥር?” አሉኝ።

“ያየ ሰው ነው የነገረኝ አባቴ። ቀኝ ጥግ ላይ ያለው የቦሮዳ ሰው ነው አሉ።”

ራሳቸውን ነቀነቁና ጎረሱ።

በዚህ መሃል መምሬ ወልዴ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ማኅሌት ያለ ጥናት አይቆምም፣ ልመናም ያለ ጥናት አይሰምርም አሉ። እንግዲህ ይጠና ተባለ። ግን ባሻውን ማን ይሁን? ከሦስቱ አንዱ ባሻ ቢሆን ጠያቂው ይጎድላል፤ እኔ ደግሞ አማች ሆኜ አማት ልሆን አልችልም። መምሬ ዞር አሉና እንግዳውን ለመኑ፤ ደክሞዎት ሳለ ማስቸገራችን ነው፣ ለአንድ አፍታ የልጅ አባት ቢሆኑልን አሉ። እንግዳው እጃቸውን እየጠረጉ፣ ቁጣ እንደማያውቁበት ተናገሩ። መምሬም እንደምንም ብለው ይሞክሩት አሏቸው።

ደህናውን አጎዛ አነጠፍሁላቸው። እኔን ጠያቂ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል ብለው ወደ ጓዳው መጋረጃ አባረሩኝ፤ በመጋረጃው ቀዳዳ ግን ሁሉንም አያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ዝናቡ ወጥተው እንደገና ገቡ፤ ሳይቀመጡ በር ላይ ቆሙ።

መምሬ፣ “ልጅዎን ለልጃችን ለትዳር ልንለምን መጣን” አሉ።

“ከየት ነው የመጣችሁ?”

“ከሶዶ።”

“ደህና ግቡ” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዚህ አቶ ክንፈ ደስ አለው፤ ይህ ሰው ለዚህ የተፈጠረ ነው አለ። አቶ አንጁሎም፣ “እውነተኛው ባሻ እንዲህ ከሆነ እኔ አሁን ቤቴ ልግባ፤ አጥር መሆን አልፈልግም” ሲል እንግዳው ሳቁ። አፋቸውን በበርኖሱ ጫፍ ሸፈኑ። ድምፅ አልወጣቸውም። ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ያቺን ሳቅ አወቅኋት። አይሆንም አልሁ ለራሴ። በዓለም ላይ እንዲህ የሚስቅ ሰው ሞልቷል አልሁ። ሁለተኛው ልመና ተጀመረ።

መምሬ ድምፃቸውን አሳምረው፣ ልጃችን ጨዋ፣ ቁም ነገረኛ፣ አንደበቱ የታረመ ነው ማለት ሲጀምሩ እንግዳው እጃቸውን አነሡ። “ይህንን ለባሻው ትነግሩታላችሁ። ለእኔ ግን ጥናት ነውና እውነቱን ንገሩኝ፤ ምን ብዬ እንደምመልሳችሁ ልወቅ። አስካለ እናቷን ገና ጡት ሳትጠግብ ያጣች ልጅ ናት። ቀልደኛ ነው ለሚባል ሰው ለምን እሰጣታለሁ?”

ስሟን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ከገቡ ጀምሮ ልጅቷ፣ ልጅቷ ስንል ነው የቆየነው፤ ሽማግሌ የሰው ሴት ልጅ ስም በየወሬው አያነሣም። ሽማግሌዎቹ ይህን አላስተዋሉም። እኔ ግን አስተዋልሁ። እግራቸውን ያጠብሁላቸው፣ አጥር ያጠርሁላቸው፣ ነብሩን ጫማ ያስወለቅሁላቸው ሰውዬ ባሻ ደምሴ ናቸው።

ሳልሁ። መምሬ ዞር ብለው፣ ሽማግሌ ሲናገር ልጅ አይስልም አሉኝ። በመጋረጃው ቀዳዳ እጄን አውጥቼ አወናጨፍሁ፤ አቶ ክንፈ እጄን መታኝ። ወጥቼ ልናገር ብል በሽማግሌ ፊት፣ ያውም በልጅቱ አባት ፊት፣ ጠያቂው ራሱ ዘሎ ሊገባ ነው፤ ያኔ ነገሩ አለቀ። ዝም ብልም ሊያልቅ ነው። ምክንያቱም ሦስቱም እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን አሟሽተዋል፤ ስለ እኔ እውነቱን የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ አቶ ክንፈ ጀመረ። ቀጠሮ አያውቅም አለ። ኮርቻዬን ለፋሲካ ብሎኝ ለቡሄ ነው የሰጠኝ፤ የዘገየሁት ቆዳው የጉማሬ ስለሆነና ጉማሬው ስላልሞተ ነው አለኝ አለ። ከዚያ ትንሽ አስቦ፣ ኮርቻው ግን እስከ ዛሬ የበቅሎዬን ጀርባ አልላጠም ብሎ ጨመረ።

መምሬ ተቀበሉ። “ይዋሻል አልልም፤ ያበዛል። ሌላው ሰው ንስሐ ሲገባ ኃጢአቱን ይደብቃል፤ ይኼ ያልሠራውን ጨምሮ ይናገራል። ስለዚህ እግዜር ይቅር ይበለኝና ቀኖናውን በግማሽ ነው የምሰጠው። ቅዳሴ ላይም ዐይኑን ካየሁ ሳቄ ስለሚመጣ ወደ ምሥራቅ ነው የማየው።”

እንግዳው አልሳቁም። እሳቱን እያዩ፣ “እንግዲህ ለሦስት ወር አስቆ ለሠላሳ ዓመት የሚያስለቅሳት ሰው ነው” አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ዐይኔን ጨፈንሁ። አስካለ ቦዲቲ ገበያ ላይ በነጋዴው በቅሎ ስታልፍ ታየችኝ።

ዝናቡ ትንሽ ቀነሰ። አቶ አንጁሎ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ነበር፤ ሳይፈቀድለት ቁጭ አለ። ይህ በጥናቱ ውስጥ አልነበረም።

“አባቴ፣ እኔም አንድ ልበል” አለ። “እናቴ ሁምቦ ይኖር ነበር። የወባ ዓመት መጣና ቤቱ ሁሉ ወደቀ፤ እኔም ወደቅሁ። ዘመድ እንኳ ፈርቶ አልመጣም። ይኼ ልጅ ግን ሰምቶ መጣ። ወር ሙሉ ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ለቀመ፣ አጠበን። ሌሊት ሌሊት ለእናቴ ያወራለታል። እንሰትሽ አድጓል ይለዋል፤ በጣም አድጓልና ዳሞታ ራሱ መጥቶ ጥላው ሥር ቁጭ ብሏል፣ ከሶዶ ሰው ሁሉ መሰላል ይዞ ቅጠሉን ለመቁረጥ እየመጣ ነው ይለዋል። እናቴ ትኩሳት ይዞት ይስቃል። አንድ ቀን እንደሳቀ ሄደ። እኔ ገንዤዋለሁ፤ ጥርሱ ይታይ ነበር።”

አቶ አንጁሎ ቀጠለ።

“ወደ ሶዶ ተመለስን። ይኼ ሰው ስለ ሁሉ ነገር ያወራል፤ ያላየውን ያወራል፤ ስለዚህ ነገር ግን ለአንድ ሰው አላወራም። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። እዚያ ላይ የምጨምረው ነገር የለም አለኝ።”

መምሬ ወልዴ ወደ መጋረጃው ዞሩ። አቶ ክንፈም ዞረ። ሁለቱም ይህን አያውቁም ነበር። እንግዳው ግን ቀስ ብለው፣ “ልጁን ጥሩት” አሉ።

ወጣሁ። በሕይወቴ አንድ ነገር የጠፋብኝ ያን ቀን ነው፤ ምላሴን በአፌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

“የሁምቦው እውነት ነው?” አሉኝ።

“ነው” አልሁ።

ከዚያ ጠያቂዎቹን ተራ በተራ እያዩ፣ “ሁለት ጊዜ መለስኋችሁ። ለሦስተኛው ቤቴ ድረስ ትመጣላችሁ። ሰው ልጁን በሰው አጎዛ ላይ ተቀምጦ አይሰጥም” አሉ።

መምሬ ወልዴ በደስታ ጭናቸውን መቱ። “ግሩም ነው! ባሻው ይህችን ቃል ቢናገሯት እንዴት ባማረች!”

“ባሻውማ ተናገሩ” አሉ እንግዳው። “ደምሴ እኔ ነኝ።”

የሆነውን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ምንም አልጨምርም። መምሬ መስቀላቸውን ካንገታቸው አውጥተው ማንን እንደሚያሳልሙ ስለጠፋባቸው ራሳቸው ተሳለሙት። አቶ ክንፈ የያዘውን የድርቆሽ ስልቻ ለቀቀውና የሁለተኛው ልመና ስንቅ ወለሉ ላይ ተበተነ። አቶ አንጁሎ ብቻ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ምናልባት እሱ ቀድሞ ገብቶታል፤ እስከ ዛሬ ስጠይቀው ወሬ ያስቀይረኛል። እኔ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

“እግሬንስ አጥበኸዋል፤ ምን ቀረህ? ተነሣ” አሉኝ።

በኋላ እሳት ዳር ተቀምጠን ነገሩን አወጡት። በገበያተኛ አፍ ከሶዶም ከቦዲቲም ሽማግሌ ሊመጣባቸው መሆኑን ሰምተው ነበር። የወረዱት ልጃቸውን ለማንም ሳይሰጡ ወደ ደጋ ይዘዋት ሊወጡ ነው፤ ሁለታችንንም ሳያዩ። የበቅሏቸው እግር ባይመታና ዝናቡ ባይጥል እኔ ቤት አይገቡም ነበር፤ በነጋታው አስካለ ሄዳ እኛ በባዶ መንገድ ስንቅ ተሸክመን በቀረን። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው የእሳቱ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ይህን ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም።

በማግሥቱ ወጣን። አስካለና እትዬ በለጡም ተከተሉ። ሽማግሌዎቹ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ ነውር ነው ብለው ሊያስቀሩኝ ሲሉ ባሻ ደምሴ፣ “መንገዱ ረጅም ነው፤ እናንተ ደግሞ ከስንቅ በቀር ወሬ የላችሁም። ይምጣ” አሏቸው።

ሁምቦ ላይ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ተቀመጠች። አባያ በግራችን እንደተዘረጋ ቀይ ቡሉኮ ይታየን ነበር። ከዚያ ሽቅቡ መጣ፤ ከሙዙና ከሸንኮራው ወደ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ወደ ቀርከሃው፣ ከቀርከሃው ወደ ገብሱ። መምሬ በየገደሉ ዐይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግማሉ፤ በቅሏቸው ዳዊቱን እስክትለምደው ድረስ። ከገብሱም በላይ ረጅሙ የውርጭ ተክል፣ ጅብራው፣ እንደ ጳጳስ ቆሞ በጉም ውስጥ ይጠብቀናል። ብርዱን በተመለከተ፣ የተናገርሁት ቃል ከአፌ ወጥቶ መሬት ላይ ሲወድቅ ቅጭል ይል ነበር። ይህችን ቀንሷት።

ባሻ ቤት ስንደርስ ወጉ ወግ ነውና እኔ ከቀርከሃው አጥር ውጪ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። መልሱ የታወቀ መስሏችሁ ከሆነ እናንተ በዚያ አጥር ሥር ቆማችሁ አታውቁም። አዛውንት በመንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል፤ አባት የሚስቱን ቤት ደፍ ሲረግጥ ልቡ ይከብዳል። የመምሬን ድምፅ እሰማለሁ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የባሻ ድምፅ። ከዚያ ምንም። ጉሙ ወረደና አጥሩን ዋጠው፣ እኔንም ዋጠኝ። ለማንም የማወራው ነገር አልነበረኝም፤ ለራሴም እንኳ።

በሩ ተከፈተ። የወጣችው አስካለ ናት። ያባቷን ጋቢ ደርባለች። ጉሙ ውስጥ ፈለገችኝና ስታገኘኝ፣ “ግባ፣ ብርድ ነው” አለችኝ።

ይኸው ነው። በጥር ተጋባን።

ብዙ ሰው፣ ጨምሮ ከዚያ በኋላ ማውራት ተወ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እንዴት ብዬ! ባሻ በሕይወት እያሉ በየዓመቱ ወጥቼ አጥራቸው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም እንድዘረዝርላቸው ያዝዙኝ ነበር፤ በየዓመቱም አጥሩ ይረዝማል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው የሚቀበለኝ ስለማስቀው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም ያልሁ እንደሆነ ማንም በሬን የሚያንኳኳ አይመስለኝም ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ግን ምላሴ በታሰረበት ሰዓት ስለ እኔ የሚናገር ሰው አገኘሁ። እናንተም እንዲህ ያለ መጋረጃ ቢገጥማችሁ አትሽሹ። መጀመሪያ የምትሰሙት ያሳፍራችኋል፤ ትንሽ ታገሡ፣ ቁጭ ብሎ የሚናገር ሰው አይጠፋም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጣሊያን ወደ ሶዶ ሲመጣ፣ እኔና አስካለ የመጀመሪያ ልጃችንን አዝለን በማለዳ ከከተማው ወጣን። ያኔ የተመከረበት ነገር አልነበረም፤ በቅሎም አልነበረንም፤ ስንቃችን በእጃችን የያዝነው ብቻ ነው። ብዙ ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ በየት እንሂድ ይባባል ነበር። እኛ አልቆምንም። የጉጌን መንገድ እናውቀው ነበር።